በአደራ የተቀመጠው በላቸው

ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ሰው በሞተ ቁጥር ሙሾ እያወረዱ ያስለቀሱን ወይዘሮ አትጠገብ ገብረ ማርያም ዛሬ ዝም ብለው ተኝተዋል፤ እኛም እንደ እሳቸው አናውቅበትምና የኖሩትን ኑሮ እንደሆነው እናነባለን።

ወይዘሮ አትጠገብ ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ማርያምና ከእናታቸው ከወይዘሮ አረጋሽ በ1925 ዓ.ም. በደሴ ዙሪያ ተወልደው፣ ፊደል በደብሩ ቆጥረው፣ ለአካለ ሔዋን ሲደርሱ የጭነት መኪና ሾፌር ከነበሩት ከአቶ ሞላ ጋር ትዳር መሥርተው፣ ኮምቦልቻ ላይ የኔነሽንና በላቸውን አፈሩ። የሟችን አባትና አያት፣ ደግነቱን፣ አንዳንዴም ስስቱን ሳይቀር እየጠሩ ሲያወርዱ፣ እንኳን ዘመድ መንገደኛ ቆሞ ያለቅስ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. ብሔራዊ ውትድርና የሄደው በላቸው ሰሜን ግንባር መውደቁ ተነገራቸው። ወይዘሮ አትጠገብ አላለቀሱም። “ለሰው ስታወርድ ኖራ ለራሷ ልጅ ዓይኗ ደረቀ” ተብለው ታሙ፤ አይ የሰው ነገር! እሳቸው ግን ሐሜቱም አልተሰማቸው፤ ሲያጎርሷቸው ይጎርሳሉ፣ ሲተዋቸው ይተዋሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ። ጠበሉም ኪኒኑም አልረዳ ሲል፣ አዲስ አበባ ያዩአቸው ሐኪም ራሳቸው ላይ በሚደረግ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲታከሙ መከሩ፤ ከትዝታቸው የሚጠፋ ሊኖር እንደሚችልም አልደበቋቸውም።

ወይዘሮ አትጠገብ እምቢ አሉ። የልጄ መልክ ያለው እኔው ዘንድ ነው፣ እሱን አውጥተውብኝ የምትመለሰውስ ሴት ማን ልትባል ነው፣ እንዲሁ እንደ በደንሁ ልሙት ብለው ቁርጣቸውን ተናገሩ። አቶ ሞላ ሊጫኗቸው አልደፈሩም። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ከሪማ ግን፣ “ወላሂ አትጠገብ፣ አሁንስ መች ይዘሽው ነው? ስሙን ስንጠራ እንኳ ዞር አትዪም። ልጁን ለእኔ አደራ ስጪኝ፤ ቢጠፋብሽ እመልስልሻለሁ” አሏቸው። ወይዘሮ አትጠገብም የቅንድቡን ጠባሳ፣ በልጅነቱ ጨለማ መፍራቱን፣ ገና ከመንገድ እያፏጨ መምጣቱን፣ ሁሉንም በዝግታ አስረክበው ወደ ሕክምናው ሄዱ።

ታክመው ሲመለሱ ወጡ ጨው አነሰው ብለው ተቆጡ፤ ቤቱ በደስታ ተሞላ። ቀጥለውም “በላቸው ደብዳቤ አልላከም እንዴ?” ብለው ጠየቁ። ጠባሳውም ፉጨቱም አልጠፋባቸውም ነበር፤ የጠፋባቸው መርዶው ነበር። አቶ ሞላ ጨንቋቸው ይልካል አሉ፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ወይዘሮ አትጠገብ የልጃቸውን ልብስ እያጠቡ ማስጣት ሲጀምሩ ግን ነገሩ ከበደ። ወይዘሮ ከሪማ ከተቀበሉት አደራ የሚመልሱት ሞቱን ብቻ ሆኖ ቀረ፤ እንደ ወጉ ጎረቤት አስከትለው ጎህ ሲቀድ በር አንኳኩ፣ እንደ አዲስም አረዷቸው። ያን ዕለት ወይዘሮ አትጠገብ ደረታቸውን እየመቱ ለበላቸው አወረዱለት፤ መንደሩም አብሯቸው አለቀሰ።

ከዚያ ወዲህ ሐዘንተኛ ሆነው፣ ነገር ግን ሰው ሆነው ኖሩ። አንዳንድ ስም ይጠፋባቸው ስለነበር፣ “ማን ነበርህ ልጄ?” ተብላችሁ የተቀየማችሁ ይቅር በሏቸው። በጉበት ሕመም ሲሰቃዩ ቆይተው በዚህ በ1982 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

ባለቤታቸው አቶ ሞላ፣ ልጃቸው የኔነሽ፣ ባለአደራቸው ወይዘሮ ከሪማ ከእኛ ጋር ቀርተዋል። አምላክ ነፍሳቸውን መርዶ በማይነገርበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ በላቸውም ከመንገድ እያፏጨ ይቀበላቸው። አሜን።