ቁጣና የውዱእ ውሃ

የአገራችን ሴቶች ለቤት ሥራ አውሮፕላን እየሞሉ ጅዳ በሚራገፉበት ዘመን፣ ሸረፊያ በሚባለው ሰፈር በርበሬና ሽሮ በሚሸጥበት አንድ ሱቅ በር ላይ ከወሎ፣ ከቃሉ የመጡ ሁለት ሰዎች ሳያስቡት ተገናኙ። አንዱ ሙሕሲን ነው። መካ፣ ጀርወል ሰፈር በሚገኝ አንድ ሆቴል የእንግዶች ሻንጣ ተሸካሚ ሲሆን፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሱን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገራል። ሌላዋ በሰው ቤት አሥራ አንድ ዓመት የሠሩት እትዬ ኸዲጃ ናቸው፤ ፊደል ባይቆጥሩም የሰው ፊት አይተው ሆዱን ያውቃሉ።

ሙሕሲን ባለሱቁን «ተራዬን ለሌላ ሰጠህብኝ!» እያለ ይጮኽበት ነበር።

«አብሽር፣ አይዞህ ልጄ» አሉት እትዬ ኸዲጃ። «በርበሬው ሳትቀምሰው እንዲህ ካቃጠለህ፣ ስትበላው ምን ልትሆን ነው?»

ሙሕሲን ሳይወድ ሳቀ። የአገሩን አነጋገር ሲሰማ ደረጃው ላይ አጠገባቸው ተቀምጦ የልቡን ዘረገፈላቸው።

«እትዬ፣ ጉዴ ፈልቷል። ከእንግዳ ጋር ሦስቴ ተጣላሁ። የሆቴሉ ኃላፊ፣ ሙዲሩ፣ ‹አንድ ሰው ደግሞ ቢያማርርብህ ኸላስ፣ አበቃ፤ ላስመጣህ ለከፊልህ ደውዬ የመውጫ ቪዛ፣ ኹሩጅ አስመትቼ ወደ አገርህ እሸኝሃለሁ› ብሎኛል። እናቴ ደግሞ አሮጌ ቤቷን አፍርሳ፣ አዲሱን አቁማ፣ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮ ላክልኝ ብላ እየጠበቀችኝ ነው። እንቅልፍ የለኝም። ሰው ሁሉ ጠላቴ ይመስለኛል።»

«ትሰግዳለህ?»

ሙሕሲን ከሚሠራበት ሆቴል እስከ ታላቁ መስጊድ፣ እስከ ሐረም፣ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። የዓለም ሕዝብ ጥሪቱን አሟጦ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣበትን ቦታ እሱ ከረገጠው ሁለት ረመዳን አልፏል። መንገዱን ግን ለእንግዶች በአምስት ቋንቋ ያሳያል።

«ሥራ ይበዛብኛል። ደግሞ እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሶላት ሻንጣ አይሸከምልኝም።»

«እውነትህን ነው፣ አይሸከምልህም። ግን ሊፍቱ ቢበላሽ ዘጠነኛ ፎቅ ድረስ ሳታሳርፍ ትወጣለህ?»

«ማን ይችላል! በየፎቁ አሳርፋለሁ እንጂ።»

«ሆድህ ውስጥ ያለውንስ የት ታሳርፈዋለህ?»

ሙሕሲን መሸነፍ አይወድም። «ለመሆኑ እርስዎ ስለሰገዱ ማዳምዎ ጠባይዋን አሻሻለች?»

«ወላሂ አላሻሻለችም! እሷ ያው ናት፤ እኔ ነኝ የተለወጥኩት። ስትጮኽብኝ ገብቼ ለሶላት ውዱእ አደርጋለሁ፤ እጄንና ፊቴን ታጥቤ እግሬ ላይ ሳልደርስ ንዴቴ ይበርዳል። ጎረቤት ያለችው ስንቅነሽ ክርስቲያን ናት፤ እሷም በጾም በጸሎቷ እንዲሁ ነኝ ትለኛለች። ባለፈው ዓርብ ማዳሟ ብትነዘንዛት ‹ዛሬ ጾም ነው፤ ከጥሉም ጾሜያለሁ› ብላት ወደ ሥራዋ ተመለሰች።»

«ይኼማ የውሃው ሥራ ነው» አለ የተማረው ሙሕሲን። «ፊቱን ማንም ይታጠባል።»

«አንተ ስትናደድ ታጥበህ ታውቃለህ?»

«በንዴት ሰዓት ማን ትዝ ይለዋል?»

«አየህ? እኔን በቀን አምስቴ የሚያስታውሰኝ አለ። ደግሞ ስታጠብ ብቻዬን አይደለሁም። ማዳም ባትሰማኝ አላህ ይሰማኛል ብዬ ስለማምን ቂሙን ይዤው አልወጣም። በል፣ ሰባት ቀን ሞክረው። ካልረዳህ ኸዲጃ ቀጣፊ ናት ብለህ ለቃሉ ሕዝብ ንገር።»

ሙሕሲን እኚህን ሴት ለማሳፈር ሲል ብቻ ተስማማ። በእንዲህ ያለ ዓላማ ሶላት የጀመረ ሰው ከእሱ በፊት መኖሩ ያጠራጥራል።

በመጀመሪያው ቀን ጉልበቱ አለቀሰ። በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ ሲወስደው ጫማውን እንኳ አላወለቀም። በአራተኛው ቀን በመስጊዱ የሶላት ሰልፍ አጠገቡ የሚቆመው የዑተይቢያ ሰፈር ልብስ ሰፊ በስሙ ጠርቶ ሰላም አለው፤ ጀርወል ከመጣ ወዲህ ያለ ሻንጣ ጉዳይ የጠራው ሰው አልነበረም። ይህ ደስ አሰኘው፤ ደስ ማለቱን ግን ለራሱም አላመነም።

በአምስተኛው ቀን አንድ አውቶቡስ ሙሉ እንግዳ መጣ። ሻንጣዎቹ ሁሉ አረንጓዴ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበሩ። ሙሕሲን ለየባለቤቱ አድሎ ሳይጨርስ፣ ሰፊ ጀለቢያ የለበሱ ወፍራም ሽማግሌ ከተቀመጡበት ሆነው «ሻንጣዬ የለም! ይህ ሌባ ነው!» እያሉ አዳራሹን አናጉት። ሙዲሩ ከቢሮው አንገቱን አወጣ።

የሙሕሲን ደም ፈላ። መልሱ በዐረብኛ ተዘጋጅቷል፤ ቢያልቅበት በአማርኛ መጠባበቂያ አለው። አፉን ሊከፍት ሲል እትዬ ኸዲጃ ትዝ አሉት፤ ቆርቆሮ የሚጠብቀው የእናቱ ቤትም ትዝ አለው።

«ያ ሐጅ፣ አባቴ፣ ሦስት ደቂቃ ብቻ ይታገሡኝ» ብሎ ወደ ውዱእ ማድረጊያው ሮጠ። እጁን ታጠበ። ሲጉመጠመጥ ያሰናዳው ስድብ ከውሃው ጋር ወጣ። እግሩ ላይ ሲደርስ ለሽማግሌው አዘነላቸው፤ ስንት አገር አቋርጠው የመጡ ደካማ ሰው ናቸው።

ሲመለስ የሽማግሌው ሚስት ባላቸውን ክንዳቸውን ይዘው ከተቀመጡበት አስነሥተዋቸዋል። ከጀለቢያው ሥር የተገኘው፣ ሲቀመጡበት የቆዩት፣ የራሳቸው ሻንጣ ነበር። ሽማግሌው በኀፍረት የሙሕሲንን ግንባር ስመው «እንደዚህ ልጅ ታጋሽ አላየሁም» ብለው ለሙዲሩ መሰከሩ።

«ይህ? ሙሕሲን?» አለ ሙዲሩ። ሁለቴ ጠየቀ።

ሙሕሲን ለእትዬ ኸዲጃ ደውሎ እጅ ሰጠ። «ሻንጣው አልቀለለም፣ እትዬ። ግን እንቅልፌ ተመልሷል፣ ወዳጅ አፍርቻለሁ፣ ምላሴም ልጓም አገኘ። ውሃው ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬም ስታጠብ ኖሬያለሁ፤ ንዴቴ ድሮ በበረደ ነበር።»

እምነት ሰውን ከሥራ አያሳርፍም፤ ከክፉ አሠሪም አያስጥልም። ሙሕሲን ያገኘው ግን በቀን አምስት ጊዜ ሸክሙን የሚያሳርፍበት ቦታ ነው፤ ሥራውን ያተረፈለትም ይኸው ነው።

ክረምቱ ሲገባ እናቱ ከቃሉ ደወለች። «ቆርቆሮው ተመቷል፣ አልሃምዱሊላህ! ግን ባለሙያው አጣሞ መትቶት ዝናቡ ሲወርድ ጩኸቱ አላስተኛ አለኝ። አንተ እንደሆንክ ቁጣ ታውቅበታለህ፤ ደውለህ ስደብልኝ!»

«እማዬ፣ መጀመሪያ ተነሥተሽ ውዱእ አድርጊ። ከዚያ ቀስ ብለን እንነግረዋለን።»

እናቱ ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ አየችና መልሳ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«ማን ልበል? እባክህ ወንድሜ፣ ስልኩን ለልጄ ስጥልኝ።»