የጣሪያው ሙሌት እንዳይቋረጥ ያዘዙት መሐንዲስ ዜና ሕይወት

እዚህ የተሰበሰባችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ ዛሬ የምንሸኛቸው እናት፣ ግንበኛ ከነበሩት አባታቸውና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው በክረምት መግቢያ ላይ ተወለዱ፤ ስለ ወሩ የእናታቸውና የአክስታቸው ቃል ስላልተስማማ፣ እርሳቸውም በሁለቱም ወር ስጦታ መቀበል ስላልጠሉ፣ ነገሩ ሳይጣራ ቀርቷል።

ከስድስት ልጆች ሦስተኛ የነበሩት እኚህ ሴት፣ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ጀምረው፣ በምሕንድስና ተመርቀው፣ በመንገድና በትምህርት ቤት ግንባታ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። ዝንፍ ያለ ግድግዳ አይተው ስለማያልፉ ሠራተኞቹ «ውሃ ልክ» የሚል ቅጽል ስም ሲያወጡላቸው፣ እርሳቸውም «ከመዶሻ ይሻላል» ብለው ተቀበሉት።

የሒሳብ መምህር ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ወንዱ ልጃቸው ገና ሕፃን ሳለ ሳንባውን ታሞ ሆስፒታል በተኛበት ጠባብ ክፍል ከሌላ ሕፃን ጋር አንድ አልጋ ተጋርቶ፣ ሁለቱ እናቶች ወለሉ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ማደራቸውን ዘወትር ያነሡ ነበር። ሕፃናቱ ሁለቱም ድነው ወጡ፤ የእርሳቸው ሐሳብ ግን እዚያው ወለል ላይ ቀረ።

ስለዚህም የአዲሱን የሕፃናት ሆስፒታል ግንባታ እንዲመሩ ሲሾሙ፣ ለትናንሽ ሕሙማን ስድስት ፎቅና አራት መቶ አልጋ ምን ያደርጋል፣ ሁለት ፎቅ ይቀነስ የሚል ሐሳብ በስብሰባ ላይ ቢቀርብ፣ «ልጅ ብቻውን ታሞ ያውቃል እንዴ? እናቱ አብራ ትታመማለች፣ አያቱ ትከተላለች፣ አባትየው በር ላይ ይገተራል፤ እነሱን የት ልናደርጋቸው ነው?» ብለው ተከራከሩ። አንድም ፎቅ አልተቀነሰም፤ በየአልጋው አጠገብም የእናት መኝታ በፕላኑ ገባ።

ግንባታው ሲጋመስ የጉበት ሕመም ጸናባቸው፤ ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸውም ግቢው ውስጥ ወንበር አስቀምጠው፣ አንገታቸውን አቅንተው ከታች ሆነው ሥራውን ይመሩ ነበር። በመጨረሻው ሳምንት ሊጠይቋቸው የመጡት ፎርማን፣ ክፉ ቀን ከመጣ የጣሪያው የአርማታ ሙሌት እንደሚቆም ቢነግሯቸው፣ የተጀመረ አርማታ መሐል ላይ ከተቋረጠ አሮጌው ከአዲሱ ጋር በደንብ ሳይያያዝ ቀርቶ ውሃ እንደሚያስገባ እርሳቸው ያውቃሉና ተቆጡ። «ስማኝ አንተ ሰው፤ እኔ ከሞትኩ ወዴትም አልሄድም፣ አርማታው ግን አይጠብቅም። በልጆቹ ላይ እንዲያንጠባጥብ ነው የምታለቅሱልኝ?» ብለው ቃል አስገቧቸው።

ሙሌቱ ትናንት ማለዳ ተጀምሮ ሌሊቱን በፈረቃ ሲቀጥል አድሮ እስካሁን አልቆመም፤ ትናንት ከቀትር በኋላ እርሳቸው በቤተሰባቸው መካከል በሰላም አረፉ። ከባልደረቦቻቸው ገሚሱ ዛሬ እዚህ ያልተገኙት ንቀው ወይም ረስተው ሳይሆን ቃላቸውን ጠብቀው ነውና፣ የተገኙትም ቢሆኑ ቦት ጫማቸውን ሳያወልቁ የቆሙት ፈረቃቸው ሲደርስ ለመመለስ ነውና፣ ማንም እንዳይቀየማቸው ቤተሰቡ አደራ ይላል።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ አምስት እህትና ወንድሞቻቸውን፣ በዚያ ጣሪያ ሥር የሚድኑትንም ገና ስማቸው ያልወጣላቸውን ልጆች ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም ወለል ላይ በማያድርበት ሰፊ ቤቱ ያሳርፍልን፤ አሜን።

አሁን ለባለፈረቃዎቹ መንገድ እንልቀቅላቸው።