ኮምፒውተር ላይ የተነሳው እሳት

ከአብነት ወደ መርካቶ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት አጠገባቸው የተቀመጠችውን ወጣት ላፕቶፕ ሲያዩ ቆዩና ጠየቋት።

«ልጄ፣ ይሄ የኛ ሰፈር አይደል?»

«አዎ እትዬ፣ ሸማ ተራ ጀርባ ነው። ከሰማይ የተነሳ ፎቶ ነው።»

«ምን ትሠሪበታለሽ?»

«እሳት ቢነሳ እንዴት እንደሚዛመት አጠናለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ እሳት አስነስተን አካሄዱን እናያለን።»

«በስመ አብ! ታዲያ ምን ሆነ?»

«ቤቱ ሁሉ የተያያዘ ስለሆነ ቶሎ ይዛመታል። የእሳት አደጋ መኪናም መግቢያ የለውም።»

«እሱንማ አይተነዋል። ያኔ የታች ሰፈር ሲቃጠል መኪናው አስፋልቱ ላይ ቆሞ ሲጮህ ነበር። ታዲያ እሳቱ ማቆሚያ የለውም?»

«አለው። መሀል ለመሀል መንገድ ስንከፍት እሳቱ እዚያ ጋ ይቆማል።»

«ተመስገን! መንገዱ በየት በኩል ነው?»

ልጅቷ በጣቷ አሳየቻቸው።

«ከወፍጮ ቤቱ ቀጥታ ወደ መስጊዱ?»

«አዎ።»

«እሱማ የኔ ቤት ነው፣ ልጄ።»

«ገና ጥናት ነው እኮ፣ እትዬ።»

«ይሁን እንግዲህ። እሳት ቢሆን ግን ጎረቤት ደርሶ ዕቃዬን ያወጣልኝ ነበር።»

እኔም የምኖረው እዚያው ስለሆነ የቤቴን ነገር ልጠይቃት አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።