ከመንጠቆ የተሰቀለው አጽም

በኛ ጊዜ እኮ ጅቡቲ ውስጥ አስታማሚነት ሊማር የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መድኃኒት አልነበረም፣ አጥንት ነው። ፈረንጁ ሐኪም ሙሉ የሰው አጽም በሽቦ ቀጣጥሎ ከመንጠቆ ሰቅሎታል፤ ታዲያ ከሩቅ በዘንግ እያመለከተ «ይሄ ምንድን ነው? ይሄስ?» ይለናል፣ እኛም እንደ ዳዊት ደጋሚ ስሙን በፈረንሳይኛ እናወርደዋለን። መንካት ግን ክልክል ነው።

እኔ አፌ ስሙን ይላል እንጂ ልቤ ሌላ ጋ ነው። አባቴ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበር፤ ከዓመት በፊት እዚያው ሐኪም ቤት ሞተ፣ እና እኛ ከድሬዳዋ ስንደርስ «ተቀብሯል» ብለው ምልክት የሌለው የአፈር ክምር አሳዩን። አባቴ አጭር ሰው ነበር፣ ያም አጽም አጭር ነው። እስቲ እናንተ ብትሆኑ አትጠረጥሩም?

ያኔ ከኛ ጋር መጥቶ እዚያው የቀረው አጎቴ ወልዴ፣ ቡላኦስ በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር የታወቀ ወጌሻ ሆኖ ነበር፤ ሄጄ ነገርኩት። የሱ ማስተማር ሌላ ነው፣ ስም የሚባል አያውቅም። «ዓይንህን ጨፍን» ይልና የተሰባበረ የበግ አጥንት በጨርቅ ጠቅልሎ ይሰጠኛል፣ በጣቴ ብቻ ዳብሼ ገጥሜ እስክጨርስ ዓይኔን አያስገልጠኝም።

«የአባትህን ግራ ክንድ ያሰርኩት እኔ ነኝ» አለኝ። «ሲጠገን ጎብጦብኛል። እጄ ያውቀዋል፣ ውሰደኝ።»

ወሰድኩት። ሐኪሙን «ወጌሻ ነው፣ ትምህርትዎን ሊያይ ነው» አልኩት።

«ይመልከት፣ ግን እንዳይነካ» አለ።

አጎቴ ፈረንሳይኛ መቼ ይሰማል? ዓይኑን ጨፍኖ የአጽሙን ግራ ክንድ ከላይ እስከ ታች ዳበሰው፣ ታዲያ በዚያ አልቆመም፣ ወደ ዳሌው ወርዶ ቆየ።

«ክንዱ ተሰብሮ አያውቅም» አለ። «አባትህ አይደለም። ሴት ናት።»

ይህን ስተረጉም ሐኪሙ ለምን ነካ ብሎ የጀመረውን ቁጣ ረሳው። «እኔ ይህን በመለኪያ ነው ያወቅኩት። ከማርሴይ በሣጥን ነው የመጣችው፣ ማን እንደነበረች ግን አላውቅም» አለ።

ለአጎቴ ነገርኩት። «ስሟን ሳያውቅ የአጥንቷን ሁሉ ስም ያውቃል?» ብሎኝ ወጣ።

እኔማ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። በማግስቱ ሐኪሙ ዘንጉን ጥሎ «ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ዳብሱ» ሲለን ግን እጄ እምቢ አለኝ፣ ሰው መሆኗን ያን ጊዜ ገና አሰብኩ።

ምን አልሽኝ ልጄ?

«አባትዎስ፣ በዚያ አፈር ውስጥ ነበሩ?»

እንጃ። እሷ ከማርሴይ በሣጥን ከመጣች፣ ከጅቡቲስ በሣጥን ማን ሄደ?