የታፈኑት ዳፎዲሎች

በ2017 ጃንዋሪ ዝናቡ አልቆም ባለበት ሰሞን ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ ሱቅ ስወጣ እትዬ ካሰችን አገኘኋቸው። ጥቅል ላስቲክ ታቅፈው በዝናብ ታክሲ ይጠብቃሉ። እኔ ሰው ዝናብ ሲመታው ሳይ ቶሎ የሚታየኝ የሳንባ ምች ነውና ሚድ ዊልሻየር ቤታቸው ላደርሳቸው መኪናዬ ውስጥ አስገባኋቸው።

«ላስቲኩ ለምንዎ ነው፣ እትዬ?»

«ለእሌኒ አበቦች። የመጀመሪያው ላስቲክ ቀዳዳ አለው መሰለኝ፤ ነፋስ እየገባ አጠወለጋቸው።»

እሌኒ ልጃቸው ነበረች። ባለፈው ዓመት ፌብሯሪ በካንሰር አረፈች። ከእጇ የቀረው በሦስት የአበባ ማሰሮ የተከለችው ድንክ ዳፎዲል የሚባል ቢጫ አበባ ነው። ይህ አበባ ሌሎቹን ቀድሞ በብርዱ ወር ያብባል፤ ዝናብ ሲበዛበት ግን ሥሩ ስለሚበሰብስ መጠለያ ይፈልጋል። እትዬ ካሰች ለሙት ዓመቷ መቃብሯ ላይ ሊያኖሩላት አስበዋል።

በሩን የከፈተችልን የእሌኒ ልጅ ኤልዳና ናት፤ ፓሳዴና ኮሌጅ ስለ ዕፅዋት ትማራለች። በረንዳው ከጣሪያ እስከ ወለል በላስቲክ ታሽጓል። ውስጡ የክፍል ማሞቂያ ሂተር በርቷል። ላስቲኩ አልቦት ቅጠሎቹ ላይ ይንጠባጠባል።

«ኦኬ፣ አሁን ደግሞ ሁለተኛ ላስቲክ!» አለች ኤልዳና። «እማማ፣ አንቺ እኮ አበባ ሳይሆን አራስ ነው የያዝሽው።»

«አንቺ ትለኛለች ደግሞ! አራስም ነፋስ ከመታት አትተርፍም።» ወደ እኔ ዞረው «የምሥራች፣ እስቲ ንገሪያት» አሉኝ።

እኔም ለእሳቸው አደላሁ። «ኤልዳናዬ፣ ብርዱ እኮ ቀላል አይደለም» አልኩ።

«ብርዱንማ ይወዱታል። የማይችሉት ዝናቡን ነው። ሶ፣ ከላይ ጣሪያ ይበቃቸዋል፣ ጎንና ጎኑ ይከፈት። ሙቀትና እርጥበት አንድ ላይ ሲታፈን ይሻግታል።»

«ማታ ማታ አጠጣቸዋለሁ፤ አሞቃቸዋለሁ። ምን አጎደልኩባቸው?»

«አላጎደልሽም፤ አበዛሽባቸው።»

እትዬ ካሰች ተቆጡ። «ትምህርትሽ እናትሽን አላዳነም!»

ልጅቷ ቅጠሉ የተኛውን ማሰሮ አንስታ አፈሩን በማንኪያ ገለጠች። ሽንኩርት የሚመስለውን የአበባውን ራስ አወጣችና አያቷ መዳፍ ላይ አኖረችው። እትዬ ካሰች ጨበጥ ሲያደርጉት እንደ በሰበሰ ቲማቲም በጣቶቻቸው መካከል ፈሰሰ።

እጃቸውን ሳይጠርጉ ቆዩ።

«እሷንም እንዲህ ዘግቼ ነው ያስታመምኳት» አሉ። «መስኮት ክፈቱልኝ እያለችኝ።»

«እማዬን የገደላት ካንሰር ነው» አለች ኤልዳና። «መስኮቱ ተከፍቶም ቢሆን ትሞት ነበር። እነዚህን ግን የምንገድላቸው እኛ ነን።»

«ነፋሱ ቢሰብራቸውስ?»

«አንድ ሁለቱን ሊሰብር ይችላል።»

«ውሃስ?»

«አፈሩን በጣትሽ ንኪው። ሲደርቅ ብቻ፣ ያውም ጠዋት፤ ቅጠሉ ላይ አታፍስሺበት።»

እትዬ ካሰች መቀስ አምጥተው የጎኑን ላስቲክ ራሳቸው ቀደዱት። ሂተሩንም አጠፉ።

የምንወደውን ሁሉ ከነፋስ መሸሸግ ከአገር ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው። ፍቅራችን እውነት ነው፤ የታፈነ ክፍል ግን ለበሽተኛም ለተክልም አይበጅም። ንጹሕ አየር ሻጋታውን ያደርቃል፣ ውሃ በልክ መሆኑ ሥሩን ያቆያል፣ ብርሃኑ ግንዱን ያጠነክራል። ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ክፉ ክፉውን እያሰቡ መስኮት ለሚዘጉ እናቶች ነው።

ዘግይተን ነበርና ሁለተኛው ማሰሮም ሞተ። በሦስተኛው አንዲት ቢጫ አበባ ብቻ ፈነዳች፤ ከአውራ ጣቴ አትበልጥም። እትዬ ካሰች እንዳትቆረጥ ከልክለው ከነማሰሮዋ ወደ መቃብሩ ወሰዷት።

ከጸሎቱ በኋላ አንዲት ዘመዳቸው «ለእሌኒ ይቺ ብቻ?» አለች።

«ሦስት ማሰሮ ሙሉ ነበሩ» አሉ እትዬ ካሰች። «ሁለቱን አፍኜ ገደልኳቸው። ይቺን ቅጠሏ በራሱ ጊዜ እስኪደርቅ አልነካትም። ያን ጊዜ አፈር ውስጥ ያለው ራሷ ይወፍራል፣ ይከፈላል፣ ትበዛለች ብላኛለች ልጅቷ።» ማሰሮዋን አነሡና ነፋሱ ወደሚመጣበት ፊታቸውን አዙረው መኪናው ወዳለበት ሄዱ።