በስተምሥራቅ ያለው መሬት

ከቢቸና ወደ ሞጣ በአውቶቡስ ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ነርስ አጠገቧ ላሉት ሽማግሌ ስልኳን አሳየቻቸው።

"አባባ፣ ወንድሜ ለልደቴ ከፋ ጫካ ውስጥ መሬት ሰጠኝ።"

"ታርሺዋለሽ?"

"አይታረስም። ዛፉ እንዳይቆረጥ ለሚጠብቁት ሰዎች መዋጮ ሰጥቶ ነው። በስሜ ተጠራ እንጂ የእኔ አይደለም።"

"አንድም ዛፍ አይነካም?"

"አይነካም።"

"አዋሳኝሽ ማነው?"

"እኔ እንጃ። ጦጣ ይሆናል።"

"ድንበር የሚገፋ የለማ?"

"ማን ይገፋል፣ አባባ?"

"እኔ ከጎረቤቴ ጋር በአንድ ትልም ስካሰስ ነው ያረጀሁት። በይ ደውይለት፤ በስተምሥራቅሽ ያለውን ለእኔ ይያዝልኝ። እኔና አንቺ አንጣላም።"

"አሁኑኑ?"

"አሁኑኑ እንጂ፣ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ።"

እሷ ስትደውል፣ እኔ በስተምዕራቧ ያለው እንዳይያዝብኝ ሰጋሁ።