ሳይጠየቁ ብስክሌት ላይ የወጡት ሰው

የጡረታ መታወቂያዬን ኮፒ ላስደርግ ፎቶ ኮፒ ቤት ብገባ፣ ማሽኑ አጠገብ ባለችው አግዳሚ ላይ አባ ይፍቀዱን ቁጭ ብለው አገኘኋቸው።

«አንተ ሳቂታው! አለህ እንዴ?» አሉኝ ገና ሲያዩኝ።

አባ ይፍቀዱ እኛ የሕክምና ተማሪዎች ሳለን የአስከሬን መማሪያው ክፍል ኃላፊ ነበሩ። ቅጽል ስሙን ያወጣንላቸው እኛው ነን። ክዳኑን ከማንሳታቸው በፊት ጎንበስ ብለው ለተኛው አስከሬን «ይፍቀዱልን» ይሉ ነበር፤ ያውም በአንቱታ። እኛ ጢም ያላወጣን ጎረምሶች እየተጎነታተልን እንስቃለን። አስከሬን ማቆያው ፎርማሊን ዓይኑን ያስለቀሰውን ደግሞ «ዘመድ ሞቶበት ነው» እንለዋለን። አብረውኝ ከሳቁት ዛሬ አብዛኞቹ የሉም። ያ ቀዝቃዛ ምድር ቤት ይናፍቀኛል ብል ማን ያምነኛል? ይናፍቀኛል።

አጠገባቸው የሟች እህታቸው ልጅ ቅጽ ይዛ ቆማለች። የተማረች፣ አንደበቷ የታረመ ልጅ ናት። አስከሬን በመድኃኒት አድርቆ በየከተማው በትኬት በሚያሳይ ድርጅት ውስጥ አስጎብኚ ሆና ትሠራለች። አጎቷ ሲሞቱ አስከሬናቸው ለሕክምና ትምህርት ቤት እንዲሰጥ ድሮ ፈርመዋል። አሁን ድርጅቱ ለእኔ ይሁንልኝ ብሎ አዲስ ቅጽ ልኳል።

«ዶክተር፣ እስቲ ይገላግሉን» አለችኝ። «አልፈርምም አሉ።»

«አልፈርምም መቼ አልኩ? ልጠይቅ ነው ያልኩት» አሉ አባ ይፍቀዱ። «ትናንት በሰጠሽኝ ነጻ ትኬት ገብቼ አየሁ። እኚያ ብስክሌት ላይ የተቀመጡት ሰውዬ፣ በሕይወት ሳሉ ብስክሌት ይነዱ ነበር?»

ልጅቷ ሳቋ መጣ። «ሰባት ቁጥርን ነው? እሱን ማን ያውቃል! የእግሩ ጡንቻ እንዲታይ ነው እንደዚያ የተደረገው።»

«ስማቸውስ?»

«ስም አይጻፍም፣ አጎቴ።»

«ፈቅደው ነው?»

«ሰነዱ ድርጅቱ ዘንድ አለ ብለውናል።»

«አይተሽዋል?»

«አላየሁም።» ከዚያ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ አድርጋ ተከራከረች።

«እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ በሩን የከፈቱት ለሐኪም ተማሪ ብቻ ነው። ሕዝቡስ? ባለፈው ሳምንት አንድ ሹፌር የጠቆረውን ሳንባ አይቶ ሲጋራውን ከነፓኮው እዚያው ጣለ። ይሄ ጽድቅ አይደለም? የሞተ ሰው ደግሞ ምን ይጎድልበታል?»

«በሹፌሩ ረትተሽኛል። ገላችንን ማወቅ የሐኪም ርስት አይደለም። ግን ሹፌሩ ሲጋራውን የጣለው ሳንባውን አይቶ ነው እንጂ ብስክሌቱን አይቶ ነው? አንዱ ጎረምሳ ከእኚያ ሰውዬ አጠገብ ቆሞ ምላሱን አውጥቶ ፎቶ ሲነሳ አየሁ። እሱ ምን ተማረ? ሰው ‹ቀባሪ አያሳጣኝ› ብሎ የሚጸልየው ለአፈሩ ብቻ መሰለሽ? የሞተ ሰው እምቢ ማለት አይችልም፤ እምቢ የሚልለት ዘመድ ነው። እሳቸው አጡ። የኔ ዘመድ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

ዝም ብዬ ብሰማ ይሻለኝ ነበር፤ ግን አልቻልኩም። ሠላሳ ዓመት እዚያው ትምህርት ቤት ሳስተምር በአስከሬኖቹ ላይ ፈቃድ ስለመኖሩ አንድ ቀን እንኳ መዝገብ እንዳላገላበጥኩ ነገርኳት። አብዛኞቹ ጠያቂ ዘመድ ያልነበራቸው ድሆች ነበሩ። እንደመጡ ተቀበልናቸው፣ ተማርንባቸው፣ ረሳናቸው። ያንን ክፍል በናፈቅኩ ቁጥር ይህ ነውር አብሮ ይመጣብኛል፤ አፍርበታለሁም።

ልጅቷ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እኔም መጀመሪያ ሰሞን እኚያን ሰው ሳይ ስማቸው ማን ይሆን እል ነበር» አለች ቀስ ብላ። «‹ሰባት ቁጥር› ማለት ስለምድ ተውኩት። የእኚያን ሰው ሰነድ በዓይኔ ሳላይ ሰኞ አላስጎበኝም።»

«ቢያባርሩሽስ?»

«ያባርሩኝ፤ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ።»

«እንግዲያው እንጻፍ» አሉ አባ ይፍቀዱ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ በደንብ ይያዝ። ተማሪዎች ይማሩብኝ። ሳንባዬንና ልቤን ሕዝብም ይይ፣ በነጻ። ፊቴን ግን ይሸፍኑልኝ፣ ትኬት አይቁረጡብኝ፣ ምንም ነገር ላይ አያውጡኝ።»

ልጅቷ የድርጅቱን ቅጽ ሰርዛ ጀርባው ላይ ቃላቸውን አሰፈረች። እኔም ምስክር ሆኜ ፈረምኩ።

አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ማን ተጎዳ? ትምህርቱ አልቀረም። ሳንባ ማየት የሚሻ ሹፌርም ያያል። የተጠየቀ ሰው ደግሞ ካልተጠየቀው አብልጦ ይሰጣል፤ አባ ይፍቀዱ ለትምህርት ቤቱ ብቻ የሰጡትን ለሕዝብም ጨመሩ። ተማሪው ሳያፍር ይማራል፣ ዘመድም አንገቱን አይደፋም። የቀረው ፎቶው ብቻ ነው፤ እሱም ይቅር።

ልጅቷ ግን እስክሪብቶውን አላስቀመጠችም።

«አጎቴ» አለች፣ «ተምረው ሲጨርሱ... የት ላሳርፍዎት?»

«ከእናትሽ አጠገብ። ግራ ጎኗ ባዶ ነው፤ ስንቀብራት አይቼዋለሁ።»

ጻፈችው። እንባዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይወርድ ፊቷን ወደ ማሽኑ አዞረችና ለባለሱቋ፣

«ሦስት ኮፒ» አለቻት። «አንዱን የምይዘው እኔ ነኝ።»